አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት

ቦንጋ ላይ የጭነት መኪና በፋብሪካው ስም ሲጠራ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነታችን «ፊያት መጣ» የሚል ሰው አልነበረም፤ የሚባለው «ኤንትሬ መጣ» ነው። ከእኛ የሚቀድሙት ደግሞ የጣሊያንን ዘመን ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር። ሁለቱም መጠሪያዎች መኪናው ከያዘው ቁጥርና ፊደል የተቀዱ ናቸው። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ኤን ሞተሩ በናፍታ እንደሚሠራ ትናገራለች፣ 3 ደግሞ ስንተኛው እትም እንደሆነ። ስም ያወጣው ሕዝብ ይህን ሁሉ ተንትኖ አልነበረም። ግን መኪና የሚታወቀው ላዩ ላይ በተጻፈው ነገር እንደሆነ ገብቶታል።

እኔ ያደግሁት ከጀርመኑ መኪና ጋር ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በ1970ዎቹ ከጅማ ቦንጋ መርቼዲስ ይነዳ ነበር፤ ጭነት ሲገኝ ውሽውሽን አልፎ እስከ ሚዛን ተፈሪ ይዘልቃል። ያኔ ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ናት። ክፍለ ሀገሩ ከፋ ቢባልም መቀመጫው ጅማ ነበርና ለጨው፣ ለስኳር፣ ለቆርቆሮ፣ ለመድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ደብተር ሳይቀር የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ መኪና እንጠብቃለን። ቡናውም የሚወጣው በዚያው መኪና ነው። አስፋልት የለም። ካፋ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ክረምቱ ሲበረታ መንገዱ ቀይ ጭቃ ይሆንና ጎማ ላይ ሰንሰለት ታስሮ ይኬዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ መኪናው ስለ ራሱ የሚናገረው እውነት መሆን አለመሆኑ አንድ ዳገት ላይ ይለያል።

ጭነት በሚራገፍበት ጊዜ አጎቴ የሰፈሩን ልጆች መኪናው ዙሪያ ሰብስቦ ያስነብበን ነበር። የመኪናው ስም 1113 ነው። ከልጆቹ አንዱ እንደ ሒሳብ ክፍል «አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሦስት» ሲል አጎቴ ራሱን ይነቀንቃል። «እንደሱ አይነበብም። ሁለት ሁለት አድርገህ ቁረጠው። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት።» የመጀመሪያው ጥንድ ክብደት ነው፤ መኪናው ከነጭነቱ 11 ቶን እንዲሆን ተሠርቷል። ሁለተኛውን ጥንድ በ10 ስታበዛው የሞተሩ ጉልበት ይወጣል፤ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት። ከቁጥሩ ፊት ኤል ትገባለች፣ ላስትቫገን፣ የጭነት መኪና ማለት ናት። ኤ ከተጨመረባት አራቱም እግር ይነዳል፤ ኬ ከተጨመረባት ጀርባው ተነሥቶ የሚደፋ ገልባጭ ነው። ስለዚህ ኤል ኤ ኬ የሚል መኪና ሲመጣ አሸዋና ጠጠር አጓጉዞ በራሱ የሚደፋ፣ ጭቃም የማይዘው መኪና መጣ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ሳንጠይቅ ከሩቅ እናውቀው ነበር፤ ለእኛ ትልቅ ኩራት ነበር።

ይህ አጻጻፍ ሁሌም የነበረ አይደለም። ቀድሞ ኤል 3500 የሚባል መርቼዲስ ነበር፤ 3500 የሚጭነው ኪሎ ነው። ከዚያ ፋብሪካው ያንኑ መኪና ኤል 311 አለው፤ ይህ የፋብሪካው የውስጥ ቁጥር ስለሆነ ለሹፌር የሚነግረው ነገር የለም። ክብደትንና ጉልበትን አብሮ የሚናገረው አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የመኪና ስም አላየሁም። ሹፌር ማወቅ የሚገባውን ሁለት ነገር፣ ስንት እንደሚሸከምና በምን ጉልበት እንደሚሸከም፣ በአራት አኃዝ ይነግራል።

አጎቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ከእነዚህ አራት አኃዞች ግን የራሱን ሒሳብ አውጥቶ ነበር። ጉልበቱን ለክብደቱ ያካፍላል። «ለአንድ ቶን ስንት ፈረስ ደረሰው?» ይላል። 911 ዘጠኝ ቶንና 110 ፈረስ ነው፤ ለቶኑ 12 ይደርሰዋል። 1113ም ወደ 12 ነው። 1924 ከ12 ትንሽ ይበልጣል፤ ግን 19ኙ ተሳቢውን አይጨምርም፣ ተሳቢ ሲቀጠልበት ሒሳቡ ይፈርሳል። 2624 ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። 240 ለ26 ሲካፈል 9 ብቻ ነው። «ይኸ ብዙ ይሸከማል፣ ዳገት ላይ ግን ይለምናል» ይል ነበር። ከዚያም ዳገቶቹን በስም እየጠራ የትኛው መኪና የቱ ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ይነግረናል። በኋላ ፊዚክስ ስማር ጉልበት ለክብደት የሚባለውን ምዕራፍ የተማርኩት እንደ አዲስ ነገር አልነበረም።

የጎጀብ ሸለቆ ለዚህ ሒሳብ ዋናው መፈተኛ ነበር። ከቦንጋ በጊምቦ በኩል ወደ ጎጀብ ይወረዳል፤ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ደኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሸቤ እንደገና ይወጣል። ቡና የጫነ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ይዞ መውረድ አለበት፤ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ከወንዙ ማዶ ደግሞ በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ እያጉተመተመ ይወጣል። ከኋላ ተቀምጬ ያየሁት ነገር ስለሆነ ድምፁ ዛሬም ይለየኛል። ስድስቱ ሲሊንደር እኩል ሲሠሩና አንዱ ሲያነክስ ልዩነቱን አጎቴ በእግሩ ሥር ባለው ንዝረት ያውቀዋል።

ከነጋዴ ጋር የሚጣላውም በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው። ቡና የሚያስጭን ሰው 11 ቶን የሚለውን ሰምቷል፤ 11 ቶን 110 ኩንታል ነው። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከረጢቱን አስደርድሮ ሲጠብቅ አጎቴ ከስልሳ ምናምን ኩንታል በላይ አልጭንም አለ።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ተብሎ ተጽፎበት የለም እንዴ? ራስህ አይደለህም ለልጆቹ የምታስተምረው?»

«ተጽፏል ጌታዬ። አሥራ አንዱ ውስጥ ግን እኔም አለሁ፣ ረዳቴም አለ፣ ናፍታውም አለ፣ ይህ ሁሉ ብረትም አለ። ከአሥራ አንዱ መጀመሪያ መኪናው የራሱን ይወስዳል፤ የተረፈው ነው የአንተ።»

የባዶው መኪና ክብደት እንደ ስፖንዳው አሠራር አራት ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ነጋዴው ግን አልተዋጠለትም። ሌሎች ሹፌሮች ዘጠና ይጭኑለታል፣ መቶም የሚጭን ነበር። ባሌስትራው ተገልብጦ፣ የኋላ ጎማው ተደፍጥጦ የሚሄድ መኪና በዚያ መንገድ ብርቅ አልነበረም። ሁለቱም የሚከራከሩበት ቁጥር አንድ ነው፤ አንዱ እንደ ፈቃድ፣ ሌላው እንደ ገደብ ያነበዋል። እኔ እስካሁን በአጎቴ ወገን ነኝ። ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያጡ መኪናዎች ከገደሉ ሥር ተገልብጠው አይቻለሁ፤ ጎናቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከላይ ሆኖ ለሚያይ ይነበብ ነበር።

የቤት መኪና ያኔ ቦንጋ ውስጥ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሆን። ነጭ 240 ዲ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ ከኋላው እንሮጣለን፤ ሲቆም ጀርባውን እናነባለን። የቤት መኪናው ቁጥር ከጭነቱ ይለያል። እዚህ 240 ማለት የሞተሩ መጠን ነው፣ 2.4 ሊትር። 200 ሁለት ሊትር፣ 230 ሁለት ነጥብ ሦስት፣ 300 ሦስት ሊትር። ዲ ናፍታ ናት። ዲ ያለበት መኪና ጠዋት ቁልፉ እንደዞረ አይነሣም፤ ካንዴሌታው እስኪግል ይጠበቃል። የቦንጋ ጠዋት ደግሞ ጉም ያለበት ቅዝቃዜ ነው። ያንን ጥበቃ የማያውቅ እንግዳ ባትሪውን ጨርሶ የሰፈሩን ሰው ለመግፋት ሲለምን ደጋግሞ ታይቷል። ከተነሣ በኋላ ግን ዲ የተጻፈበት መኪና ፍጥነቱን አይጠይቁትም እንጂ ውለታው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ 240 ዲ ጉልበቱ 65 ፈረስ ነበር፣ በኋላ 72 ሆነ። የ200 ዲማ ከዚያም ያነሰ፣ 55 ነበር። እነዚያ ሞተሮች ግን ከሚታሰበው በላይ ዕድሜ ነበራቸው፤ ይህ የመኪና ዘር፣ ፋብሪካው በውስጥ ስሙ ደብልዩ 123 የሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚያ ጽናቱ ነው።

ከዲ ሌላ ያሉትን ፊደላት ያስተማረን አጎቴ ሳይሆን ጅማ ጋራዥ የነበረው ወዳጁ ነው። መካኒክ ነበር፤ እጁ ከዘይት ጸድቶ አያውቅም፣ ንግግሩ ግን እንደ መምህር ነበር። ኢ፣ አይንሽፕሪትሱንግ፤ ቤንዚኑ በካርቡራተር ሳይሆን በግፊት ይረጫል። ኤስ፣ ዞንደርክላሰ፣ ልዩ ማዕረግ፤ ለባለሥልጣንና ለባለጸጋ የሚሠራው ትልቁ አካል። ሁለቱ ሲገጥሙ ኤስ ኢ ይሆናሉ። ከበስተኋላ ያለው ተሳፋሪ እግሩን እንዲዘረጋ ተብሎ አካሉ ከረዘመ ኤል ትጨመራለች፤ ኤስ ኢ ኤል። ሲ ሁለት በር ያለው ነው። ቲ ደግሞ ጀርባው ተከፍቶ ዕቃ የሚጫንበት መኪና ነው።

መካኒኩ ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቀው ስለ ኤል ነበር። ልክም ነበረው፤ በጀርመን መኪና ላይ እንደ ኤል የምታሳስት ፊደል የለችም። መርቼዲስ ጭነት ላይ ጭነት ናት። ከመርቼዲስ የቤት መኪና መጨረሻ ስትመጣ ላንግ፣ ረጅም ናት። ኤስ ኤል በሚለው ትንሽ የስፖርት መኪና ላይ ላይሽት፣ ቀላል ማለት ናት። ኦፔልና ቮልስ ላይ ስትለጠፍ ደግሞ ሉክሱስ ትሆናለች፤ ወንበሩ የተሻለ፣ ጠርዙ በኒኬል ያጌጠ። ከባድ፣ ረጅም፣ ቀላል፣ ምቹ። አንዲት ፊደል በአራት ቤት አራት ሥራ ትሠራለች፤ ስለዚህ ፊደሏን ከማንበብህ በፊት የማን ቤት እንደሆነ እወቅ ይለን ነበር። ቲ ዲም እንዲሁ ናት። ኦፔልና ቮልስ ላይ ተርቦ ያለው ናፍታ ማለት ነው። የደብልዩ 123 ዘር በሆነው 240 ቲ ዲ ላይ ግን ቲ ዕቃ የሚጫንበት አካል፣ ዲ ናፍታ ናቸው፤ ተርቦ የሚባል ነገር የለበትም። ተርቦ ሲኖረው ፋብሪካው ቃሉን በሙሉ ጽፎ ከጀርባው በሌላኛው በኩል ይለጥፍ ነበር። ተርቦ አለው ተብሎ ገንዘብ የተጨመረበት 240 ቲ ዲ መኖሩን ከመካኒኩ ሰምቻለሁ፤ ገዢው ዳገት እስኪያገኝ ድረስ ደስ ብሎት ነበር አለ።

የተለጠፈ ፊደል ደግሞ ይነቀላል። ይህን ያወቅሁት አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ 280 ኢ ገዝቶ ሲመጣ ነው። ጀርባው ላይ 280 ኢ እያለ ያብረቀርቃል፤ እሱም በኩራት አጎቴን ጠርቶ አሳየው። አጎቴ ኮፈኑን አስከፈተና ካንዴላዎቹን በጣቱ ቆጠረ። አራት ናቸው። 280 ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ስድስት ካንዴላ ሊኖረው ይገባል። ምንም ሳይናገር መኪናውን ይዞ ጅማ ወደ ወዳጁ ሄደ። መካኒኩ ከሞተሩ ክፍል ውስጥ የሻንሲ ቁጥሩን ጠራርጎ አነበበው፤ በ123.020 ይጀምራል። ይኸ ተራው 200 ነው፣ ባለ ካርቡራተር። 280 ኢ ቢሆን ኖሮ 123.033 ይል ነበር። ከእነዚያ ስድስት አኃዞች ቀጥሎ 10 ይላል፤ 1 መሪው በግራ መሆኑ፣ 0 ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር መሆኑ ነው፤ አውቶማቲክ ቢሆን 12 ይል ነበር። በኋላ በወጡት ላይ አንዲት ፊደል ትከተላለች፤ ኤ ከሆነች ዚንደልፊንገን፣ ኤፍ ከሆነች ብሬመን ፋብሪካ የተሠራ ነው።

ዘመዳችን ክፉኛ አዘነ። መኪናው ግን መጥፎ አልነበረም፤ በስሙ ቢሸጥ ኖሮ ማንም አያዝንበትም ነበር። የሚያናድደው ሊብሬው ላይ የሻንሲው ቁጥር ትክክለኛው ተጽፎ መቀመጡ ነው። እውነቱ እጁ ላይ ነበር፤ የሚያነብለት ሰው ነው ያጣው። ከዚያ በኋላ በከተማችን መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሊብሬውን ይዞ አጎቴ ቤት መምጣት ጀመረ። እናቴ ቡና ታፈላለች፣ አጎቴ መነጽሩን ያደርጋል፣ እንግዳው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ቮልስ የመምህራን መኪና ነበረች፤ ስለ እሷ የሚባለው አጭር ነው። ከኋላ 1200 ወይም 1300 ካለ የሞተሩ መጠን ነው፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግቶ፤ 1200ው በትክክል 1192 ሲሲ፣ 1300ው 1285 ሲሲ ነው። 1302 እና 1303 ሲመጡ ግን መጨረሻ ላይ ያሉት 2 እና 3 ሞተሩን አይመለከቱም፤ የፊት እግሩ አሠራር የተለወጠበትን ሞዴል ለመለየት የተሰጡ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ስለሆነ በዚያ ዘመን ስለ ቮልስ የሚወራ ወሬ ሁሉ እዚያ ያልቅ ነበር፤ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኛም ከክፍሉ እንወጣለን።

የመርቼዲስ ቁጥር ራሱ መዋሸት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው 300 ኤስ ኢ ኤል 6.3 ውስጥ የተቀመጠው ሞተር 6.3 ሊትር ነው፤ 300 የአካሉ ስም ሆኖ ቀረ፣ እውነተኛው መጠን ከጎኑ ተጻፈ። ይህኛው ቢያንስ አልደበቀም። በ1982 የመጣው 190 ኢ ግን ሞተሩ 2 ሊትር ሆኖ ሳለ ከ200ው ያነሰ መኪና መሆኑን ለማሳየት 190 ተባለ። ሊትሩን ትቶ ማዕረግ መናገር እዚህ ላይ ተጀመረ እላለሁ። በ1993 ደግሞ ፊደላቱ ከኋላ ወደ ፊት ተዛወሩ። 220 ኢ የነበረው ኢ 220 ሆነ። ያቺው ኢ ናት፤ ግን ስለ ቤንዚን አረጫጨት መናገሯን ትታ የክፍል ስም ሆናለች፤ ናፍታ የሚጠጣውም ኢ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቁጥሩም ከሞተሩ መጠን ጋር የነበረው ዝምድና እየላላ ሄደ። ሻጮች ይህ ለገዢ ይቀላል ይላሉ። አይመስለኝም። ገዢ ከፍና ዝቅ ያለውን እንዲለይ ይረዳው ይሆናል፤ የገዛው ነገር ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረውም።

አጎቴ ያንን ለውጥ በደንብ አላየውም፤ ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ በኋላ ነው እንዲህ ያሉ መኪናዎች ወደኛ አገር በብዛት የገቡት። ልማዱ ግን በአገራችን አልጠፋም። ኮሮላን «ዲኤክስ» ብሎ የሚጠራው ያው ሕዝብ ነው፤ ዲኤክስ የተሻለ ጌጥ ያለው መሆኑን ብቻ የምትናገር ጭራ ናት፣ እኛ ዘንድ ግን የመኪናው ሙሉ ስም ሆነች። ሚኒባሱንም ከላዩ ላይ ከተለጠፈው «ዲፎርዲ» ብለነዋል፤ እሱም ናፍታው እንዴት እንደሚረጭ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ቦንጋ መናኸሪያ ላይ ዛሬም ረዳቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራራሉ። የጎደለው ፊደሉ ምን እንደሚል የሚያስረዳ ሰው ነው። እነዚያ ሹፌሮችና መካኒኮች መጽሐፍ አልጻፉም፤ የሚያውቁት ሁሉ በጋራዥ፣ በካቢናና በቡና ላይ የተነገረ ነው፤ አብዛኞቹም አልፈዋል።

ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቦ ከጀርመን ሳይቀር የቡናውን መነሻ ለማየት ሰው ይመጣል። ስለ ዛፉ፣ ስለ ረከቦቱ፣ ስለ ነገሥታቱ ይነገረዋል፤ ይገባዋልም። ቡናው በእነዚያ ዘመናት ከካፋ የወጣበትን መኪና ግን ማንም አያሳየውም። በሙዚየሙ ግቢ አንድ የድሮ 1113 ቢቆም እመኛለሁ። ከጅማ እስከ ሚዛን ባለው መንገድ የተጣሉ አሮጌ አካላት አሁንም አሉ፤ ከእነሱ አንዱን አምጥቶ ማቆም ብዙ ወጪ አይደለም። ከጎኑ የሚለጠፈውን ማብራሪያ እኔ እጽፈዋለሁ፤ ክብደቱን፣ ጉልበቱን፣ ኤል ምን እንደምትል፣ ከ11ዱ ቶን ስንቱ የመኪናው ስንቱ የቡናው እንደነበረ፣ በካፊኖኖና በአማርኛ። ጅማና ቦንጋ ውስጥ በሕይወት ያሉ የዚያ መስመር ሹፌሮች ካሉ ደግሞ ማብራሪያው ከመለጠፉ በፊት መጥተው ያርሙት።